ባዝል ያለው ሲሎ፣ ኮምቦልቻ ያለው መጋዘን

በእርዳታ ሥራ ላይ ያለ ሰው ስዊዘርላንድ ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚያየው ጄኔቭን ብቻ ነው። ስብሰባው እዚያ ነው፤ ቀይ መስቀል በ1863 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው እዚያ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታት ቢሮዎችም ያሉት እዚያው ነው። አንድ ትርፍ ቀን ያለው ሰው ግን ባቡር ተሳፍሮ ወደ ባዝል ቢሄድ ይሻለዋል እላለሁ። መንገዱ ሦስት ሰዓት ገደማ ነው። ራይን ወንዝ ላይ ካለው ወደብ የእህል ሲሎዎቹ፣ ረጃጅሞቹ የኮንክሪት ጎተራዎች፣ ቆመዋል፤ ጀልባ ያመጣውን ስንዴ ወደ ላይ ይስባሉ፣ ከታች ለባቡርና ለመኪና ያወርዳሉ። ዙሪክ ደግሞ መሀል ከተማው ውስጥ 118 ሜትር የሚረዝም የዱቄት ፋብሪካ ሲሎ አለ። ደሴና ኮምቦልቻ እህል ሲያስጭንና ሲያስወርድ ለሚውል ሰው ከጄኔቭ ሐይቅ ይልቅ ይኼ ነው የሚያስቀናው።

የሚያስቀናው ግን ኮንክሪቱ አይደለም። ከኮንክሪቱ ጀርባ ያለው ደንብ ነው።

ስዊዘርላንድ ስፋቷ 41,285 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፤ ሕዝቧ ወደ 9 ሚሊዮን ይደርሳል። እንደኛው ባሕር በር የላትም። ከምትበላው ግማሽ ያህሉን ከውጭ ታስገባለች፤ ለእኛ ጅቡቲና የሚሌ መንገድ የሆነው ለእነሱ ሮተርዳምና ራይን ነው። ወንዙ ሲጎድል ጀልባው የሚይዘው ጭነት ይቀንሳል። በ2018 እ.ኤ.አ. ራይን ክፉኛ ጎድሎ ነዳጅ በበቂ መጠን አልገባ ሲል መንግሥት ከመጠባበቂያው እንዲወጣ ፈቀደ። ማደያዎቹ አልተዘጉም፤ አብዛኛው ሰውም ችግር መኖሩን ያወቀው ከዜና ነበር።

«ሀብታም ስለሆኑ ነው» የሚለው መልስ ለእኔ አይበቃኝም፤ ምክንያቱም ድሃ ሳሉም ተርበዋል። በ1815 እ.ኤ.አ. ኢንዶኔዥያ ውስጥ ታምቦራ የሚባል እሳተ ገሞራ ፈንድቶ በማግሥቱ ዓመት አውሮፓ በጋ ሳታይ ቀረች። በ1816 እና በ1817 በምሥራቅ ስዊዘርላንድ፣ በተለይ በአፐንዜልና በሳንክት ጋለን፣ ሰው ሣር እስከ መብላት ደርሷል። የሩሲያው ንጉሠ ነገሥት ቀዳማዊ አሌክሳንደር የእርዳታ ገንዘብ ልኮላቸዋል። በ1819 ደግሞ ብዙዎች ተሰደው ብራዚል ውስጥ ኖቫ ፍሪቡርጎን መሠረቱ። የ66ቱንና የ77ቱን ድርቅ ከወላጆቹ አፍ ሲሰማ ላደገ የወሎ ሰው ይህ ሩቅ ታሪክ አይደለም። በዚያ ረሃብ ካንቶን የሚባሉት ክልሎቻቸው «እህላችን ከክልላችን አይወጣም» እያሉ ኬላ መዝጋታቸው ደግሞ ችግሩን አባብሶታል፤ እህል ያለው ጎረቤት እያለ ሰው ሞቷል። ኬላ ዘግቶ እህል መያዝ ዋጋ ያረጋጋል ብሎ የሚያምን ሹም ዛሬም አለና ይህን ታሪክ ቢያነበው እወዳለሁ።

ዛሬ ያላቸው አሠራር እንዲህ ነው። መንግሥት ራሱ እህል ገዝቶ በራሱ መጋዘን አያከማችም። ስንዴ፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ የምግብ ዘይት፣ የእንስሳት መኖ፣ ማዳበሪያ፣ ነዳጅ ወይም መድኃኒት ከተወሰነ መጠን በላይ ወደ አገር የሚያስገባ ድርጅት ሁሉ ከመንግሥት ጋር ውል እንዲገባ ሕግ ያስገድደዋል። ውሉ አንድ ወለል ያስቀምጣል፤ ክምችቱ ከዚያ ወለል በታች መውረድ አይችልም። ለዳቦ ስንዴ የአራት ወር ፍጆታ ነው፤ ለቤንዚንና ለናፍጣ አራት ወር ተኩል፣ ለቡና ሦስት ወር። ቡና ጉልበት ሰጪ ምግብ ስላልሆነ ከዝርዝሩ ይውጣ ተብሎ በ2019 እ.ኤ.አ. ታስቦ ነበር፤ ሕዝቡና ነጋዴው ተቃውመው ቀረ። የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም።

እህሉ የድርጅቱ ንብረት ነው። የዱቄት ፋብሪካው ከሲሎው ስንዴ እያወጣ ይፈጫል፣ በምትኩ አዲስ ያስገባል። አሮጌው ይወጣል፣ አዲሱ ይገባል፣ መጠኑ ግን ከወለሉ በታች አይወርድም። ስለዚህ መጠባበቂያው አያረጅም፤ ዛሬ ያለው ስንዴ ከጥቂት ወራት በኋላ ዳቦ ሆኖ ተበልቶ ሌላ ተተክቷል። ገንዘቡም ታስቦበታል። እህሉን ለመግዛት ድርጅቱ ከባንክ ይበደራል፤ መንግሥት ዋስ ስለሚሆን ወለዱ ዝቅተኛ ነው። አስመጪዎቹ ከሚያስገቡት ዕቃ ላይ ትንሽ መዋጮ ለዋስትና ፈንድ ይከፍላሉ፤ ፈንዱ የማከማቻውን ወጪ ይሸፍናል፤ ውድ የተገዛው እህል ዋጋው ቢወድቅም ኪሳራውን ይክሳል። መዋጮው ዞሮ ዞሮ ከሸማቹ ኪስ ይወጣል፤ ለአንድ ሰው በዓመት ሲካፈል ግን ጥቂት ፍራንክ ነው። ድርጅቱ ቢከስር ክምችቱ ከሌላው ንብረት ተነጥሎ የመንግሥት ይሆናል እንጂ አበዳሪዎች አይከፋፈሉትም። ተቆጣጣሪ እየመጣ ይለካል።

እኛስ? ኮምቦልቻ የአገሪቱ የመጠባበቂያ እህል ከሚከማችባቸው ዋና ዋና ከተሞች አንዷ ነች። መጠባበቂያው የተቋቋመው በ1970ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው፤ አሠራሩም በብድር ላይ የቆመ ነው። አንድ የእርዳታ ድርጅት እህሉ ገና በመርከብ ላይ ሳለ፣ ወይም ለጋሹ ቃል ብቻ ገብቶ ሳለ፣ የዋስትና ደብዳቤ አቅርቦ ከመጋዘን ይበደራል፤ የራሱ እህል ሲደርስ በዓይነትና በመጠን ይመልሳል። በሐሳብ ደረጃ ይህ ከስዊዞቹ የሚያንስ አይደለም። ተበዳሪው አሮጌውን ይወስዳል፣ አዲስ ይመልሳል፤ ክምችቱ በራሱ ይታደሳል ማለት ነው።

የሚበላሸው መመለሱ ላይ ነው። መርከብ ይዘገያል፣ ለጋሹ ሐሳቡን ይለውጣል፣ የመጣው እህል «አሁን ሌላ ወረዳ አጣዳፊ ነው» ተብሎ በቀጥታ ወደ ስርጭት ይሄዳል። እያንዳንዱ ውሳኔ በዚያ ቀን ትክክል ይመስላል። ሲደመር ግን መጋዘኑ በወረቀት ሙሉ፣ በዓይን ባዶ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ክረምት የሚበደር ሲመጣ የሚሰጠው የለም። በ2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ መንግሥት የእርዳታ ድርጅት ሲዘጋ የታየውም ይኸው ነው፦ በሌላ ሰው ቃል ላይ የቆመ መጠባበቂያ ቃሉ ሲታጠፍ አብሮ ይወድቃል። ከዚያ በፊትም በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ሲያገኛቸው የእርዳታ መጋዘኖች ተዘርፈዋል። እህል አንድ ቦታ ብቻ ከተቀመጠ የሚጠፋውም በአንድ ቀን ነው።

መጋዘን ገብቶ የማያውቅ አንባቢ ይህን እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ። የተለመደው ወርሃዊ ቀለብ ለአንድ ሰው 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ኪሎ ዘይት ነው። አንድ ተሳቢ መኪና 400 ኩንታል ሲጭን ባለ 50 ኪሎ 800 ጆንያ ይዟል፤ ለ2,666 ሰው የአንድ ወር እህል ማለት ነው። እነዚያ 800 ጆንያዎች በፓሌት ላይ፣ በአንድ ደርብ 40 ሆነው በ20 ደርብ ይቆማሉ። በየደርቡ ያለው ቁጥር እኩል መሆን አለበት። ደርቡ ከታች ከሥሩ ጋር መስቀለኛ ይደረጋል እንጂ ጆንያ በጆንያ ራስ ላይ ቀጥ ብሎ አይጫንም፤ ቀጥ ብሎ የተጫነ ክምር ሠራተኛ ላይ ይደረመሳል። ከግድግዳው አንድ ሜትር፣ ከሌላው ክምርም አንድ ሜትር ይራቅ። ይህ ክፍተት ቦታ ማባከን የሚመስለው ኃላፊ ብዙ ነው። ክፍተቱ ከሌለ ግን በክረምት የግድግዳው ርጥበት ጆንያው ውስጥ ይገባል፣ አይጡም አይታይም፣ ቆጣሪም ዙሪያውን መዞር አይችልም። ዙሪያው የማይዞር ክምር መሀሉ ባዶ ቢሆን ማን ያውቃል? ስለዚህ ቆጠራ ሲደረግ ፊት ለፊት ያለውን አባዝቶ መጻፍ አይበቃም፤ ላይ ወጥቶ መሀሉን መርገጥ ያስፈልጋል።

ወረቀቱም የዚያኑ ያህል ነው። የገባው በሞዴል 19፣ የወጣው በሞዴል 22፣ በየክምሩ ላይ ደግሞ ቢን ካርድ የሚባለው የክምሩ መመዝገቢያ ይንጠለጠላል። ካርዱ ላይ እህሉ የገባበት ቀን ካልተጻፈ ቀድሞ የገባውን ቀድሞ ማውጣት አይቻልም፤ ጫኝና አውራጁ ለበሩ ቅርብ የሆነውን ያነሳል፣ ለበሩ ቅርብ የሆነው ደግሞ መጨረሻ የገባው ነው። ከኋላ ያለው ክምር ሁለትና ሦስት ክረምት ያልፍበታል። ነቀዝ የሚጀምረው እዚያ ነው። ክንድን በጆንያዎች መካከል እስከ ክርን ሲያስገቡ ሙቀት ከተሰማ እህሉ ውስጥ ሕይወት አለ ማለት ነው፤ ወይ ነቀዝ ነው ወይ ሻጋታ።

ነቀዙን ለመግደል የሚደረገው ማጠን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ፎስፊን የሚባል መርዛማ ጋዝ የሚያወጡት ባለ 3 ግራም ክኒኖች እያንዳንዳቸው 1 ግራም ጋዝ ይሰጣሉ፤ በሸራ ለተሸፈነ ክምር በአንድ ቶን 2 ወይም 3 ይበቃል። ዋናው ክኒኑ ሳይሆን ሸራው ነው። የሸራው ጠርዝ ዙሪያውን በአሸዋ ከረጢት ካልተጫነ ወይም ሸራው ቀዳዳ ካለው ጋዙ በሁለት ቀን ይወጣል፤ የሚበረው ነቀዝ ይሞታል፣ ፍሬው ውስጥ ያለው እንቁላልና ኩብኩባ ግን ይተርፋል። ከአንድ ወር በኋላ ነቀዙ ተመልሶ ሲመጣ «መድኃኒቱ ውሸት ነው» ተብሎ መጠኑ ይጨመራል፤ የተረፈው ዘር መድኃኒቱን እየለመደ ይሄዳል። ክምሩ ቢያንስ ለሰባት ቀን ሳይከፈት መቆየት አለበት፤ ብርድ ከሆነ ከዚያም በላይ። የእህሉ ሙቀት ከ15 ዲግሪ በታች ከሆነ ማጠኑ አይመከርም። ኮምቦልቻ ሞቃት ስለሆነች ሥራው ይቀልላል፤ ደሴ ላይ ግን በኅዳርና በታኅሣሥ የእህሉን ሙቀት ሳይለኩ ማጠን ገንዘብ መጣል ነው።

የባዝሉ ሲሎ ይህን ሁሉ በማሽን ይሠራል፤ ሙቀት የሚለካ ሽቦ እህሉ ውስጥ ተዘርግቶለታል፣ አየር ይነፋበታል። «እኛም ሲሎ ይሠራልን» የሚሉ ባልደረቦች አሉ። እኔ አልስማማም። ሲሎ የማያቋርጥ መብራት ይፈልጋል፤ ከሲሎ የወጣ እህል ወደ ወረዳ ለመሄድ እንደገና ጆንያ ውስጥ መግባት አለበት፤ የማከፋፈያ ጣቢያው የሚያውቀውም ጆንያ ነው። ከእነሱ ልንወስድ የሚገባን ወለሉንና ፈንዱን ነው።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ኮምቦልቻና ደሴ ዙሪያ የዱቄት ፋብሪካዎች አሉ። በቀን 200 ኩንታል የሚፈጭ አንድ ፋብሪካ የ30 ቀን ስንዴ እንደ ወለል እንዲይዝ ውል ቢገባ 6,000 ኩንታል ነው፤ ለ40,000 ሰው የአንድ ወር እህል። ለማስላት ያህል ኩንታሉን 5,000 ብር፣ የባንክ ወለዱን 16 በመቶ ብንወስድ፣ የተያዘው ገንዘብ 30 ሚሊዮን፣ የዓመቱ ወለድ 4.8 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ፋብሪካው በዓመት 300 ቀን ቢሠራ 60,000 ኩንታል ይፈጫል፤ ወለዱ ለአንድ ኩንታል 80 ብር፣ ለአንድ ኪሎ 80 ሳንቲም ይደርሳል። የመጋዘኑ ወጪ ሲጨመር ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። ይህን የሚከፍል ፈንድ ከሌለ ፋብሪካው ውሉን አይፈርምም፣ ቢፈርምም ዋጋ በወጣ ቀን ወለሉን ይሸጠዋል። ፈንዱ ካለ ግን ስንዴው በየወሩ እየተፈጨ ይታደሳል፤ ማጠኑ ይቀንሳል፤ ከአንድ ትልቅ ግቢ ይልቅ በብዙ ቦታ ስለተበተነም ዘራፊ ሁሉን በአንድ ቀን አያገኘውም።

የመንግሥት መጋዘን አሮጌውን በሰኔና በሐምሌ ሸጦ በጥርና በየካቲት፣ አዝመራ ሲገባ፣ ቢተካ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛል። ችግሩ የሽያጩ ገንዘብ ነው፤ ወደ ግምጃ ቤት ከገባ ሌላ ቀዳዳ ይደፍናል፣ የግዢው ጨረታ ሲያልቅ ደግሞ ዋጋው አልፏል። ገንዘቡ ለመተኪያ ብቻ በተከፈተ ሒሳብ መቀመጥ አለበት። ሁለት ፊርማ፣ አንድ ዓላማ።

ሌላው የስዊዞቹ ነገር ቤት ውስጥ ያለው ነው። ከ1963 እ.ኤ.አ. ሕግ ወዲህ ለእያንዳንዱ ነዋሪ መጠለያ ቦታ እንዲኖር ተደንግጓል፤ በየሕንፃው ምድር ቤት ወፍራም የብረት በር ያለው ክፍል የሚታየው ለዚህ ነው። መንግሥታቸው እያንዳንዱ ቤተሰብ የአንድ ሳምንት ገደማ ምግብና ለአንድ ሰው ለሦስት ቀን ያህል የሚሆን 9 ሊትር ውሃ እንዲያስቀምጥ ይመክራል፤ ልዩ ምግብ ሳይሆን ሁልጊዜ የሚበላውን፣ እየበሉ እየተኩ። በ2014 ዓ.ም. መብራት፣ ባንክና ስልክ አንድ ላይ ሲጠፉ ደሴ የነበረ ሰው የዚህን ጥቅም ማንም ሊያስረዳው አያስፈልግም።

ለአምስት ሰው ቤተሰብ አንድ ሳምንት ሲሰላ 17.5 ኪሎ እህል፣ ሁለት ኪሎ የማይሞላ ሽሮ ወይም ምስር፣ ግማሽ ሊትር ዘይት ነው፤ ውሃው ደግሞ ለሦስት ቀን ያህል 45 ሊትር ነው። ውሃው በሁለት ባለ 25 ሊትር ጀሪካን ይያዛል፤ ክዳኑ የጠበቀ፣ ከዚህ በፊት ዘይት ወይም ነዳጅ ያልያዘ ይሁን፤ ውሃ አጋር የሚባለው የውሃ ማከሚያ በጠርሙሱ ላይ እንደተጻፈው ተጨምሮ በየጊዜው ይቀየር። እህሉን በተመለከተ ጤፍ ከሁሉ ይመረጣል፤ ፍሬው ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ አይደፍረውም፣ ለዓመታት ይቆያል። ማሽላና በቆሎ ግን ቶሎ ይነቀዛሉ። ነገር ግን ያልተፈጨ ጤፍ ወፍጮ ይፈልጋል፣ ወፍጮው መብራት ይፈልጋል። ስለዚህ ከ17.5 ኪሎው ቢያንስ 6 ኪሎው እሳትም ወፍጮም የማይጠይቅ ይሁን፦ በሶ፣ ቆሎ፣ ድርቆሽ። በሶ በጠበቀ ቆርቆሮ ተቀምጦ በሁለት በሦስት ወር ይታደስ፤ ርጥበት ካገኘው ይሻግታል። ከዚህ ጋር ክብሪትና ከሰል፣ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ፣ በዝርዝር ብር የተቀመጠ ጥቂት ገንዘብ፣ የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ለሚወስድ የአንድ ወር መጠን፣ መታወቂያና የቤት ካርታ በላስቲክ ተጠቅልለው።

ገጠር ያለ ዘመድ ለቤቱ የዓመት እህል ሲያስገባ መጀመሪያ ድርቀቱን ይፈትሽ። በደረቀ የመስታወት ጠርሙስ አንድ ሦስተኛ ያህል እህል፣ ሁለት ወይም ሦስት የሾርባ ማንኪያ ደረቅ ጨው ጨምሮ አንድ ደቂቃ መነቅነቅ፣ ከዚያ 15 ደቂቃ ማስቀመጥ ነው። ጨው ጠርሙሱ ላይ ከተለጠፈ እህሉ ርጥብ ነው፤ እንደገና ፀሐይ ላይ ይሰጣ። ከደረቀ በኋላ ባለ ሦስት ድርብ ፒክስ ከረጢት ውስጥ ይገባል፤ አየሩ ተጨምቆ ሁለቱ የውስጥ ላስቲኮችና የውጪው ጆንያ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይታሰራሉ። ቢያንስ ለአንድ ወር አይከፈት፤ ነቀዙ የሚሞተው አየር አጥቶ ስለሆነ በየሳምንቱ ፈትቶ ማየት ሥራውን ያበላሻል። አይጥ አንድ ቀዳዳ ካበጀችለትም ከረጢቱ ከተራ ጆንያ አይለይም፤ ከመሬት ከፍ፣ ከግድግዳ ራቅ ይበል።

የፎስፊን ክኒኑን ግን ማንም ሰው በሚተኛበት ቤት ውስጥ እህል ላይ እንዳያደርግ አደራ እላለሁ። ገበያ ላይ በፍሬ ይሸጣል፣ «አንድ ብቻ ጣል አድርጊበት» እየተባለ ይሰጣል። ጋዙ ማታ እህሉ ካለበት ጓዳ ወደ መኝታው ይመጣል፤ ማርከሻ የለውም፣ ቀድመው የሚጎዱትም ልጆች ናቸው። ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ የመሰለ ሽታ ቤት ውስጥ ከተሰማ፣ ወይም ቤተሰቡ አንድ ላይ ማቅለሽለሽና የትንፋሽ ማጠር ከጀመረው፣ እህሉን ለማውጣት ሳይሞክሩ ሁሉም ወዲያው ወደ ውጭ ይውጡ፣ በሩ ክፍት ይተው፣ ሐኪም ቤት ሲደርሱም የእህል መድኃኒት መሆኑን መጀመሪያ ይናገሩ።